ሳይውል ሳያድር

ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ወንፊት ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የኤጀንሲው ባለቤት ነው፤ ለቀልድ ያላት ነገር እያደር ጸንቶ ቀረ። እሷም አልከፋትም። «ወንፊት ባይኖር ጠጠር ነበር የምታኝኩት» ትላለች።

ኤጀንሲው ሠራተኛና አሠሪ ያገናኛል፤ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሾፌር፣ ሞግዚት፣ ረዳት መምህር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይዟል። በፊተኛው ፀሐፊዋና አመልካቾች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር አለ። የኋለኛው በፋይል ቁም ሳጥን ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ በኩል ባለቤቱ፣ በሌላው ወንፊት ይቀመጣሉ። ልጅ ወዳለበት ቦታ የሚላክ ማንኛውም ሰው ፋይሉ መጀመሪያ በእሷ ጠረጴዛ ያልፋል። መታወቂያውን ከፊቱ ጋር ታስተያያለች፣ ከፖሊስ ያመጣውን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ደውላ ታረጋግጣለች፣ የቀድሞ አሠሪዎቹን ሁለቱንም ታነጋግራለች፣ በሥራ ዘመኑ መሀል የጎደለ ወር ካለም የት እንደዋለ ትጠይቃለች። ከዚያ ቅጹ ላይ አጭር ፊርማዋን፣ የቢሮ ሰው ፓራፍ የሚለውን፣ ታኖርበታለች።

ይህን ሁሉ ከራሷ አመንጭታ አይደለም። ሕግ ነው። ሕጉን አባዝታ ከጠረጴዛዋ በላይ ለጥፋዋለች፤ የመጨረሻውን አንቀጽ ደግሞ በቀይ አስምራበታለች። እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛውን ከላከ በኋላም ቢሆን ለልጆች ጥበቃ የማይሆን ሰው መሆኑን የሚያመለክት ነገር የደረሰው ኤጀንሲ ሳይውል ሳያድር ለአሠሪው ያሳውቃል።»

«ይኼን ያሰመርሽበት እኔን ለማስፈራራት ነው?» ይላታል ባለቤቱ።

«እኔው እንዳልረሳው ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ የምትለው ለወጉ አልነበረም። ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ስትለቅም ኖራለች። መጋዘኑ ሲዘጋ በአርባ ዓመቷ ሥራ ፈላጊ ሆና እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባለቤቱ ማመልከቻዋን አንብቦ፣ «አንቺንስ ለሌላ ሰው አልሰጥሽም» ብሎ አስቀራት። ያቺን ቀን አትረሳትም።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ትምህርት ሊዘጋ አካባቢ ነው። ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ሐይቅ ዳር፣ የልጆች የእረፍት ካምፕ አለ። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ዘጠና ስድስት ልጆች ለሦስት ሳምንት ይገቡበታል። በዚያ ዓመት የካምፑ ኃላፊ፣ ቀጭንና ቁጥብ የሆነች ሴት፣ አሥራ ሁለት ተቆጣጣሪ ፈልጋ ወደ ኤጀንሲው መጣች። ለአንድ ሰው ስምንት ልጅ ማለት ነው። የቀረው ጊዜ ዐሥር ቀን ነበር።

«ዐሥር ቀን!» አለች ወንፊት፣ ኃላፊዋ ከወጣች በኋላ። «ጋሼ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው ዐሥር ቀን?»

«ትችያለሽ።»

«እኔ እችላለሁ። ፖሊስ ጣቢያው መቻሉን ነው እንጃ።»

ቻለች። ማክሰኞ ማታ ከቢሮ ስትወጣ አሥራ አንዱ አልቀው ነበር። ከእነሱ በፊት አምስት ሰው መልሳለች፤ አንዱ የወንድሙን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስሙን ፍቆ ያመጣ ነበር፤ «ቤተሰብ ነን እኮ» አላት ሲወጣ።

አሥራ ሁለተኛው ረቡዕ ጠዋት መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ፈገግታው ቅርብ። የዋና አሠልጣኝ ስለነበረ «ኮች በሉኝ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ» አለ። አግዳሚው ላይ አንዲት እናት የያዘችው ሕፃን ሲያለቅስ በእጁ ጥላ ወፍ ሠርቶ ግድግዳው ላይ አበረረለትና ሕፃኑ ዝም አለ። ፀሐፊዋ ተገረመች። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ አይቶ፣ «ይኼ ነው ሰው!» አለ።

ወረቀቱም ንጹሕ ነበር። መታወቂያው የራሱ፣ የፖሊሱ ማስረጃ እውነተኛ። ከአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ያመጣው የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ታታሪ፣ ሥነ ሥርዓት አክባሪ፣ ልጆች የሚወዱት» ይልና «በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቋል» ብሎ ያበቃል። ወንፊት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዐይኗ ቀኑ ላይ ቆመ።

«የለቀቅከው በትምህርት ዘመኑ መሀል ነው። ለምን?»

«እናቴ ታማብኝ፣ እትዬ። እሷን ላስታምም።»

«እግዜር ይማራት» አለችና ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደወለች። ዳይሬክተሩ በደብዳቤው ላይ ያለውን ቃል በቃል ደገመላት። «ለምን ለቀቀ?» ስትለው፣ «የተሻለ ሥራ አግኝቶ» አለ ሳያመነታ። ከዚያ በፊት ሠርቼበታለሁ ያለው የዋና ክለብ ደግሞ ፈርሷል፤ ስልኩን የሚያነሳ የለም። ወንፊት ቅጹ ላይ በቀይ «ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለተኛ አሠሪ አልተገኘም፤ ይቆይ» ብላ ጻፈችና ወደ ባለቤቱ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ይቆይ።»

«አውቶቡሱ እኮ ቅዳሜ ነው የሚነሳው!»

«ሌላ እንፈልጋለን። ካልተገኘም አሥራ አንድ ይሄዳሉ።»

«እናቱ ታማበት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ደግሞ ሥራ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁለት ምክንያት አይኖረውም?»

«ይኖረዋል። ግን ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም ይናገራል።»

ባለቤቱ እጁን አወናጨፈ። ሐሙስና ዓርብ ወንፊት ፈቃድ ነበራት፤ ታላቅ እህቷ የዐይን ሞራ ልታስገፍፍ ሆስፒታል ትገባለች፣ ሌላ አስታማሚ የላትም። ፋይሉን «ያልተጠናቀቁ» በሚለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ስትመለስ ፋይሉ መደርደሪያው ላይ የለም። «የተላኩ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ አገኘችው። ቅጹ አዲስ ነበር፤ በቀይ የጻፈችው ነገር ያለበት ቅጽ ወጥቶ በሌላ ተተክቷል። «ሁለተኛ አሠሪ» የሚለው ቦታ ላይ «ተነጋግረናል፣ መልካም» ይላል። ከታች ደግሞ የእሷ ፓራፍ አለ።

የእሷ አልነበረም። የመጨረሻዋን ፊደል እግሯን ወደ ግራ ነው የምትስባት፤ ይኼኛው ወደ ቀኝ ተስቧል።

ፀሐፊዋን አየቻት። ፀሐፊዋ ደግሞ የኮምፒውተሯን ቁልፎች እያየች ነበር። የሚባለውን ሁሉ ፊቷ ተናገረ።

ባለቤቱ ገና እየገባ ነበር። «የእህትሽ ዐይን እንዴት ሆነ?» አለ።

«ተገለጠ። እኔ የእሷን ሳስገልጥ እናንተ እዚህ የእናንተን ጨፈናችሁ።» ፋይሉን አሳየችው። «ይኼ ሰው ሄዷል?»

«ሄዷል። ራሴ ደውዬ አነጋገርኩ፤ ተጣርቷል።»

«የትኛውን? የፈረሰውን ክለብ?»

«ዳይሬክተሩን ደግሜ አነጋገርኩ አልኩሽ እኮ! ካምፑ በቀን ሦስቴ እየደወለ አሥራ ሁለተኛው የት አለ ይለኛል። ከሄደ ይኼው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ፤ ምን ሆነ? ምንም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ተይው።»

«ያልፈሰሰ እንደሆነስ?» አለች። ሰውየው ደህና ሰው ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ያንን ነው የምትጠላው፤ አለማወቅን። መጋዘን ውስጥ እንኳ ቀኑ የማይነበብ ጠርሙስ ሲያጋጥማት «ምናልባት ደህና ይሆናል» ብላ መደርደሪያ ላይ መልሳ አታውቅም።

ስልኩን ልታነሳ አለችና ተወችው። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ የደገመውን ሦስተኛ ጊዜ ይደግመዋል። ስልክ ፊት የለውም። ፋይሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ወዴት ነው?» አለ ባለቤቱ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ትምህርት ቤቱ ድረስ።»

«ወንፊት! ዛሬ ስድስት ሰው ቀጥረሻል!»

«ስድስቱ ይጠብቁኛል። ሰውየው ግን ልጆቹ ዘንድ ነው።»

አዳሪ ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ተማሪዎቹ ለእረፍት ወጥተዋል፤ ግቢው ውስጥ ፍራሽ አውጥተው ፀሐይ የሚያስመቱ ሴቶች ብቻ ነበሩ። ዳይሬክተሩን ቢሮው ውስጥ የፈተና ወረቀት ሲያሥር አገኘችው። ዕድሜው የገፋ፣ ኮቱን በሙቀትም የማያወልቅ ሰው ነው። ማን እንደሆነች ስትነግረው ፊቱ ትንሽ ጠቆረ።

«በስልክ ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረውኛል። ሁለት ጥያቄ ነው የቀረኝ። ለምን ለቀቀ?»

«የተሻለ ሥራ…»

«እሱ እናቴ ታማ ነው የሚለው።»

ዳይሬክተሩ ያሠረውን ወረቀት ፈታና እንደገና ማሠር ጀመረ። «እንግዲህ የሰው የግል ጉዳይ…»

«ይሁን። ሁለተኛው ጥያቄ ይኼ ነው» አለችና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ ነካች። «‹ይህን ሰው ለልጆች ጥበቃ እንደገና ይቀጥሩታል?› ይላል። አዎ ወይም አይ ብለው ይጻፉልኝና ይፈርሙ። ከዚያ እሄዳለሁ።»

እስክሪብቶውን ተቀበላት። ወረቀቱን አየ። ውጭ ሴቶቹ ፍራሹን በዱላ ሲመቱ ይሰማል፤ ዱብ፣ ዱብ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ይልና ይመለሳል።

«ደብዳቤው ላይ ጽፌዋለሁ እኮ፤ ታታሪ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ታታሪ ነው ወይ አላልኩም።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ድምፁ ወረደ።

«የስፖርት ዕቃ የምናስቀምጥበት ጎጆ አለች» አለ። «ያለቀሰ ልጅ ሲኖር፣ አልጋ ያረጠበ ልጅ ሲኖር፣ እዚያ ያስገባቸው ነበር። ቆልፎ። ቶሎ ረግተው ይወጣሉ ይላል። እሱ የሚጠብቀው የመኝታ ክፍል በጣም ጸጥ ያለ ስለነበር ደስ ብሎን ነበር፤ ጎበዝ ነው እንል ነበር። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በመስኮቱ ለመውጣት ሲሞክር ወድቆ እጁ ተሰበረ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የወጣው። ሦስት ልጆች ነበሩ።»

«ለፖሊስስ?»

«ወላጆቹን እንዳይከሱ ለመንን። የትምህርት ቤቱ ስም… እሱም አልከስም፣ አልናገርም፣ ደብዳቤ ስጡኝ አለ። ሰጠሁት። ብቻ ከእኔ ግቢ ይውጣልኝ ብዬ ነው።»

«ከእርስዎ ግቢ ወጥቶ የት ይገባል ብለው ነበር?»

ወንፊት አልጮኸችም። መጮህ ፈልጋ ነበር፤ ግን የመጣችበት ነገር ገና እጇ አልገባም።

«ይጻፉት» አለችው።

«ስሜ…»

«አባቴ፣ ይጻፉት። ሰውየው አሁን፣ እኛ ስንነጋገር፣ ስምንት ልጅ ይጠብቃል።»

ዳይሬክተሩ «አይ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሳይጠየቅ ሁለት መስመር ጨመረ፤ ዕቃ ቤቱን፣ ሦስቱን ልጆች። ፈረመ፣ ማኅተሙን አሳረፈ።

ወንፊት እዚያው ቆማ የእሱን ስልክ አነሳችና ወደ ካምፑ ደወለች። የካምፑ ኃላፊ መጀመሪያ አላመነቻትም።

«ኮች? ካሉኝ ሁሉ ጎበዙ እሱ ነው። የእሱ ልጆች ድምፃቸው አይሰማም እኮ።»

«እሱን ነው የምልዎት። እባክዎን አሁኑኑ ከልጆቹ ይለዩት።»

«በስልክ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ስለነገረኝ ሰው አላባርርም። የኤጀንሲውን ባለቤት ደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ፣ አምጡልኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮዬ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ካልመጣችሁ ወደ ሥራው እመልሰዋለሁ።»

«ይስማማኛል» አለች ወንፊት። «ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። ከልጆቹ ሲለዩት፣ ልጆቹን ይቁጠሯቸው።»

ቢሮ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ቀጠሮ ያላቸው ስድስት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። አልፋቸው ገባችና ወረቀቱን ባለቤቱ ፊት አስቀመጠችው። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ይኼን ሰው… እኔ እኮ ከሕፃን ጋር ሲጫወት በዐይኔ አይቼዋለሁ።»

«እኔም አይቼዋለሁ። ደብዳቤ ያስፈልገናል፣ ጋሼ። በእርስዎ ስም፣ በማኅተም። እስከ አሥራ አንድ።»

«ቆይ። ቆይ እስቲ።» ተነሳ፣ በመስኮቱ ወደ ታች አየ፣ ተመለሰ። «ቀስ ብለን ብናስወጣውስ? ቤተሰቡ ታሟል፣ ሌላ ሰው እንተካለን ብለን? ሰውየው ይወጣል፣ ልጆቹ ይተርፋሉ፣ እኛም እንተርፋለን። ይኼን ከጻፍኩ እኮ ፈቃዴን በገዛ እጄ ቀደድኩት ማለት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁበትን!»

«ዳይሬክተሩም ያደረገው እሱን ነው» አለች ወንፊት። «ቀስ ብሎ አስወጣው። እኛ ዘንድ መጣ። እኛ ቀስ ብለን ብናስወጣው ማን ዘንድ ይሄዳል?»

ባለቤቱ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሕጉ ግድግዳው ላይ አለ። ሳይውል ሳያድር ነው የሚለው። ማኅተሙን ካልሰጡኝ ያለ ማኅተም እሄዳለሁ። ለምን ያለ ማኅተም እንደሄድኩ ሲጠይቁኝ ደግሞ አልዋሽም።»

«ትከሺኛለሽ? አንቺ? እኔን?»

ይህች ቃል ወጋቻት። ያን አግዳሚ ወንበር፣ ያቺን «አልሰጥሽም» ያላትን ቀን አስታወሰች። ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን አልተነቃነቀችም።

«ውለታዎን አልረሳሁም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወደ እርስዎ የመጣሁት። ይኼ ፓራፍ የማን ነው፣ ጋሼ?»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከቁም ሳጥኑ ወዲያ የፀሐፊዋ ቁልፍ መምታት ቆመ።

«የእኔ ነው» አለ። «ዓርብ ማታ። ሰው ቸኮለ ብዬ… አንቺ ብትኖሪ እንደማትፈርሚ አውቄ ነው በአንቺ ስም የፈረምኩት።» መሳቢያውን ከፈተ፣ ማኅተሙን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ጻፊው። እንዳለ ጻፊው። እኔ መኪናውን ላውጣ።»

ስድስቱን ቀጠሮዎች ፀሐፊዋ ወደ ነገ ስትመልሳቸው አንዱ አጉረመረመ። «ወንድሜ፣ ዛሬ እዚህ ቤት መቅጠር የለም፤ ማባረር ነው ያለው» አለችው።

መንገዱ ላይ ብዙም አልተነጋገሩም። ባለቤቱ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ያን ቀን እንደዚያን ጊዜው ነዳ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ምንም ባልሆነ» አለ። ወንፊት «አሜን» አለች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። የካምፑ ኃላፊ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ያቺ ቁጥብ ሴት ፊቷ አመድ መስሏል። ደብዳቤውን እንኳ አልተቀበለቻቸውም።

«ስምንት ልጆች ነበሩት» አለች። «ስቆጥር ሰባት ናቸው።»

ወንፊት የበሩን ብረት ያዘች።

«ስምንተኛዋ የት አለች አልኩት፤ ተኝታለች አለኝ። አልጋዋ ባዶ ነው። ሰባቱን ልጆች ጠየቅኩ፤ አንዳቸውም አይናገሩም፤ መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ አንዱ በጣቱ አሳየኝ። ጀልባው አጠገብ የመንሳፈፊያ ጃኬት የምናስቀምጥበት የቆርቆሮ ቤት አለች። ቁርስ ላይ አልበላም ብላ አልቅሳ ነበር። ከቁርስ ጀምሮ እዚያ ውስጥ ነበረች። በዚያ ሙቀት! ሦስት ጃኬት ደርባ ከሥሩ ተደብቃ አገኘኋት፤ እኔንም ስከፍተው ፈርታኝ።»

«አለች?» አለ ባለቤቱ።

«አለች። ሐኪም አይቷታል፣ ውሃ እየወሰደች ነው። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አላውቅም ብሎኛል።»

ኮች በኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ በሁለት የጥበቃ ሠራተኞች መሀል ተቀምጦ ነበር። ወንፊትን ሲያያት ያቺን ቅርብ ፈገግታውን ፈገግ አለ። «እትዬ፣ እርስዎም መጡ? ነገሩን አጋነኑት። ልጅ እንደዚህ ነው የሚታረመው፤ እኔም እንደዚህ ነው ያደግኩት።»

«አንተንም እንዲህ ካደረጉህ አዝናለሁ» አለችው ወንፊት። «አሁን ግን ፖሊስ እስኪመጣ ዝም በል።» ፖሊስ መጣና ወሰደው። የዳይሬክተሩንም ወረቀት አብራ ሰጠቻቸው።

የልጅቷ እናት ሊጨልም ሲል ደረሰች። ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ከሥራ ቦታዋ እንዳለች ነው የመጣችው፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። ልጇን አቅፋ ከቆየች በኋላ ወጣችና፣ «ይኼን ሰው እዚህ ያመጣው ማነው?» አለች።

የካምፑ ኃላፊ አፏን ከፈተች። ወንፊትም። ባለቤቱ ግን ከተቀመጠበት ደረጃ ላይ ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ይቆይ ተብዬ ነበር። እሷ ይቆይ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት።»

ሴትየዋ ትመታዋለች ብለው ጠበቁ። አልመታችውም። «ና» አለችው፤ በዕድሜ አባቷ የሚሆነውን ሰው። እጅጌውን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችው። «እያት። ስምህን የምትፈርም ስትሆን ይቺን እያት።» ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት እጇ ላይ ቆርቆሮውን ስትደበድብ የተላጠበት ቁስል በፋሻ ታሽጓል። ባለቤቱ አያት። እስኪበቃት ድረስ፣ እናትየዋ በቃህ እስክትለው ድረስ፣ ቆሞ አያት።

ከስምንቱ ልጆች አምስቱ ካምፑን ለቀው ለመሄድ አልፈለጉም፤ ተቆጣጣሪ ግን አልነበራቸውም። ወንፊት፣ «ሌላ ሰው እስክታገኙ እኔ እቆያለሁ» አለች።

ኃላፊዋ አየቻት። «ወረቀትዎስ?»

«ምን ወረቀት?»

«ከወንጀል ነፃ ማስረጃ። ሁለት የቀድሞ አሠሪ። ዛሬ የተማርኩትን ዛሬውኑ አልረሳውም።»

ወንፊት በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ኃላፊዋም አብራት አለቀሰች። ወረቀቷ እስኪመጣ አራት ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ስታጥብ ቆየች፤ አምስቱን እስከዚያ ኃላፊዋ ራሷ ጠበቀች፤ ወንፊት ልጆቹ አጠገብ አልደረሰችም፣ ልድረስ ብላም አልለመነችም።

ነገሩ እንዲሁ አላለፈም። ባለቤቱ ኤጀንሲዎችን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የፓራፉን ነገር ራሱ ጽፎ አመለከተ። ፈቃዱ ለስምንት ወር ታገደ፤ አንዳንድ ደንበኞቹም ዳግም አልተመለሱም። ዳይሬክተሩ ከቦታው ተነሳ። ኮች ፍርድ ቤት ሲቀርብ እጁ የተሰበረው ልጅ አባት መጥቶ መሰከረ፤ «ያን ጊዜ ዝም ማለቴን ነው የምከሰው» አለ። ሰውየው ተፈረደበት፤ ከእስሩም ሌላ ልጆች ባሉበት ቦታ ዳግም እንዳይሠራ ታገደ።

እገዳው አብቅቶ ቢሮው ዳግም በተከፈተ በሦስተኛው ወር የካምፑ ኃላፊ ደወለች። ትምህርት ሊዘጋ አርባ ቀን ይቀረው ነበር።

«አሥራ ሁለት ሰው» አለች።

ወንፊት አርባውንም ቀን ሠራችበት። በመጨረሻው ሳምንት መልሳ ደወለችላት። «አሥራ አንድ አሉኝ» አለቻት። «አሥራ ሁለተኛ የሚሆን ሰው አላገኘሁም። መጥተዋል፤ ግን እርግጠኛ የሆንኩበት የለም።»

ከቁም ሳጥኑ ወዲያ ባለቤቱ ጆሮውን ቀስሮ ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። «እንግዲያው ስምንት ልጅ ቀንሼ እቀበላለሁ» አለች ኃላፊዋ። «ለወላጆቹ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።»